ያልተከፈተው የሰናይት ኢሜይል

ዛሬ ካዛንቺስ ቢሮአችን ውስጥ አንድ አባት የሞተች ልጃቸውን መልእክት ቆመው ሲያነቡ አየሁ።

ጋሽ ታደሰ መዝገብ ቤታችን ሠርተው ጡረታ ከወጡ አምስት ወራቸው ነው። ልጃቸው ሰናይት ከቤሩት ስትደውል ደህና ነኝ ትል ነበር። እውነቱን ግን እናቷ እንዳትሰማ ለአባቷ በቢሮው ኢሜይል ትጽፍ ነበር። ባለፈው ወር እዚያው አረፈች።

የድሮው ኢሜይል የሚከፈተው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ይወገዳል።

"እባክህ፣ ሰናይት የጻፈችውን አትምልኝ" አሉኝ።

ፕሪንተራችን ወረቀት ሳይቀረጥፍ አያትምም፤ ዛሬ ግን፣ በቃ፣ አዘነላቸው መሰለኝ።

የመጨረሻው መልእክት አልተከፈተም ነበር። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ የተላከ ነው። "አባዬ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ልመለስ?" ይላል።

"ጡረታ መውጣቴን አልነገርኳትም ነበር" አሉ። "ዝም ያልኳት መስሏታል።"

እስከ ስታዲየም ሸኘኋቸው።

ዘግይቶ የደረሳችሁ መልእክት ካለ፣ እንዴት ቻላችሁት?