ለባናው ማኅበር የሰጠሁት አንደኛ ደረጃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ የምናዘዘው ሌላ ሌላውን ነው፤ ረቡዕ ቀን ወተት መቅመሴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን፣ የጎረቤቴን አህያ መሳደቤን። እሳቸውም ስግደት አዘውኝ ፈገግ እያሉ ያሰናብቱኛል። ትልቁን ግን ጉያዬ ውስጥ እንደሸጎጥኩት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንባቢዬ፣ መስቀል ባይዙም ለዛሬ እርስዎ ይስሙኝ።

ጥላዬ እባላለሁ። ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደራችን ግን ስሜ “የባንኩ ሰው” ነው። ሐሰት አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ምን ሆኜ? ዘበኛ። በር ስከፍት፣ በር ስዘጋ፣ የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ጡረታዬ ደረሰ። የነሐስ ቁልፍ ያለው ካፖርቴን ለብሼ አገሬ ብገባ፣ መንደሩ በሙሉ ስለ ገንዘብ የማላውቀው ነገር እንደሌለ ደመደመ። እኔስ መቼ አላውቅም አልኩ? ካፖርቱ እያለ ምን በወጣኝ።

በር ላይ የቆመ ሰው ግን ጆሮ አለው። ሹሞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ የሚያወሩትን እሰማ ነበር። ቦንድ ማለት የብድር ወረቀት ነው፤ የገዛው ሰው አበዳሪ፣ የሸጠው ተበዳሪ ነው። ተበዳሪው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለውን መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ አለ። የታመነ በትንሽ ወለድ ይበደራል፤ ያልታመነ ግን ሰው እንዳይሸሸው ወለዱን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የወለዱ ትልቅነት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን በደንብ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ታዲያ በአገራችን የበግ ፀጉር እየገዛ ባና የሚያሠራ ማኅበር ነበር። ብርድ ልብሱ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይሸጣል። ሊቀ መንበሩ ሽፈራው የሚባል፣ አፈ ቅቤ ሰው ነው። አንድ ቀን የፀጉር መፍተያ ማሽን ልንገዛ ነውና ቦንድ ግዙን፣ ከባንክ የበለጠ ወለድ እንከፍላለን አለ። ብንከስር እንኳ መያዣው ይኸው ብሎ የማኅበሩን በጎች ሜዳው ላይ አሰልፎ አሳየ። ሜዳው ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሕዝቡም ወደ እኔ ዞረ። “የባንኩ ሰው ይየውና ይንገረን” አሉ።

ዱላዬን ይዤ በጎቹ መሀል ተንጎራደድኩ። ላት ዳሰስኩ፣ ፀጉር ሳብኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ አልኩ፤ እኔው በዚህ አፌ አልኩ፦ “ይህ አንደኛ ደረጃ ነው። እኔም ገዝቻለሁ።”

አልገዛሁም። አንዲት ወረቀት አልገዛሁም።

ከዚያ ሁሉ በግ ደግሞ የማኅበሩ ጥቂቱ ነበር። የቀረው የርቢ ነው፤ በጉ የባለቤቱ፣ ግጦሽና ጥበቃው የሽፈራው፣ ግልገሉ እኩል። ባለቤቶቹ የሩቅ አገር ሰዎች ስለሆኑ መንደሩ አያውቃቸውም። እኔ እንዴት አወቅሁ? ከባለቤቶቹ አንዱ እኔ ነበርኩ! በጡረታዬ ራቤል ገበያ የገዛኋቸውን እናት በጎች በቀጥታ ለሽፈራው ሰጥቼው ነበር። የራሴን በግ ላት እየዳሰስኩ የማኅበሩ ሀብት ነው ብዬ መሰከርኩ። ከዚያ ምስክርነቴ በኋላ ሽፈራው የግልገል ድርሻዬን ከፍ አደረገልኝ። ጉቦ ይባላል? እኔ ያን ጊዜ “የባለሙያ ክፍያ” ነበር ያልኩት። ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ባለሙያ ለመሆን ምን ያንሰዋል።

ዘነበች ያን ቀን ሜዳው ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት። አንድ የቀራትን በሬ ሸጣ ቦንድ ልትገዛ፣ ገንዘቡ ከነወለዱ ሲመለስም ጥማድ በሬ ልታደርገው አስባለች። ሰው ሁሉ ሲበተን ቀርታ “ጋሽ ጥላዬ፣ የእኔ ነገር፣ ከበሬዬ ሌላ የለኝም፤ ገንዘቤ ይመለሳል?” አለችኝ።

“ይመለሳል እታለም። እኔ የገባሁበት ነገር ነው” አልኳት።

በሬዋን ወረቀት አደረገችው።

ሁለት ክረምት ወለዱ ተከፈለ። መንደሩ ጠላ በጠመቀ ቁጥር የክብር ወንበር የእኔ ሆነ። ከዚያ ሽፈራው ለብቻዬ ጠራኝና ነጋዴው ባና መግዛት ማቆሙን፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በርካሽ ገበያውን እንደሞላው ነገረኝ። “በጎችህን ቀስ ብለህ አውጣ፤ አፍህን ግን ያዝ” አለኝ። ያዝኩ።

በዚያው ሰሞን ዘነበች መጣች። መሐል ሜዳ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ወረቀቷን ከዋጋው ቀነስ አድርጎ ሊገዛው ጠይቋታል። “ትንሽ እጎዳለሁ፣ ግን በሬዬን መግዣ ይሆነኛል። ልሽጠው እንዴ?”

አንባቢዬ፣ እዚህ ጋ ይያዙኝ። እስካሁን ያለውን ሞኝነት ነው፣ ጉራ ነው ብለው ሊያልፉልኝ ይችላሉ። እዚህ ጋ ግን አውቄ ነው። ወረቀቷን ከሸጠች ወሬው ይዛመታል፤ ወሬው ከተዛመተ ሕዝቡ በጎቹን ይከባል፤ የእኔዎቹ ገና አልወጡም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሷ ነጠላዋን አስተካክላ እስክትጨርስ ነው። ጭንቅላቴ ለክፋት ያን ያህል ፈጣን መሆኑን እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

“እንዳትሸጪ፤ ያዢው” አልኳት።

ያዘችው። እኔ በሳምንቱ እህቴን ልጠይቅ ብዬ በጎቼን ራቤል እሷ ዘንድ ነድቼ አስገባሁ።

ማኅበሩ ሲወድቅ የርቢ ባለቤቶች እየመጡ በጎቻቸውን ወሰዱ። ሜዳው ላይ የቀረው ለባለ ወረቀቶቹ ቢካፈል ለአንድ ሰው አንድ እግርም አይደርስ። ሰዉ ሲያለቅስ እኔም መሀላቸው ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ገዝቻለሁ ብዬ የለ! “የባንኩ ሰው እንኳ ተበላ” እያሉ አዘኑልኝ። ዘነበችማ በማግስቱ በሶ ቋጥራ መጣች። “ጋሽ ጥላዬ፣ በእኛ የተነሳ ራስዎን እንዳይጎዱ። እርስዎም ከእኛ እኩል ነው የተቃጠሉት” ብላ አጽናናችኝ። በሶውን በቅቤ አሽቼ በላሁት።

ከዚያ ወዲህ በሬ አልገዛችም። መሬቷን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥታ ከገዛ ገብሷ ግማሹን ታስገባለች። እኔ ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ አውድማዋን አያለሁ። ራቤል ያሉት በጎች ወልደው ተዋልደዋል።

ለምን አሁን ተናገርክ ይሉኝ ይሆናል። ጸጸት አንገብግቦኝ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መጣች። ልጇ ከደብረ ብርሃን ገንዘብ ልካላት፣ ቦንድ ግዢ የሚሏት ሰዎች አግኝተዋታል።

“ያን ጊዜ ሁለታችንም ተሞኘን” አለች እየሳቀች። “አሁን ግን እርስዎ ቀምሰውታልና አይሸወዱም። እርስዎ ካላዩት አልገዛም።”

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሥራዬ ነው፤ የበር ሙያ አለኝ። “እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነይ” አልኳት።

እሑድ ነገ ነው። ስለ አዲሱ ወረቀት የምላት ብዙ የለኝም፤ ተበዳሪው ማነው፣ በምን ይከፍላል፣ መያዣ ነው የሚለው የማን ነው፣ ደረጃ የሚሰጥሽ ሰውስ ከማን ይበላል ብለሽ ጠይቂ እላታለሁ። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ በራሴ ላይ እጀምርላታለሁ። የማንን በግ ዳስሼ አንደኛ እንዳልኩ፣ ለምን ያዢው እንዳልኳት እነግራታለሁ። እህቴን በጎቹን ንጂልኝ ብያታለሁ፤ እነሱም ነገ ደጇ ይደርሳሉ። የጠፋባትን የእርሻ ዘመን ግን አይመልሱም፤ ይቅር በዪኝ ብዬም በበግ አላባብላትም። ዱላዬን ብታነሳብኝ ዱላው የእሷ ነው።

በሶው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር። እሱንም እነግራታለሁ።