ለጨጓራዬ ብዬ ድዴን አደማሁት

የቀድሞ ተማሪዬ የሆነችው ሐኪም ዛሬ የደም ምርመራ ውጤቴን አይታ ሳቀች። እኔ ግን ኑዛዜዬን በልቤ ጨርሼ ነበር የሄድኩት።

ድዴ መድማት ከጀመረ ወር አልፎታል። ክፉ በሽታ መስሎኝ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

«መምህር፣ ፍራፍሬና አትክልት ይበላሉ?»

«ለጨጓራዬ ብዬ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንም ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ። አንድ ቀን አላዛነፍኩም።»

«እንግዲያው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው፤ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም። እጥረቱ ድድ እንደሚያደማ ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ነኝ። ፈተና ላይም አወጣው ነበር።

ለጨጓራ አይከብድም ያለችኝን ፓፓያ ከአሰላ ገበያ ገዝቼ ገባሁና ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ወር ሙሉ ደበቅከኝ?» ብላ ትልቁን ቁራጭ ለራሷ አነሳች። ደስ እያለኝ ትንሹን በላሁ።

እናንተስ ለጨጓራ ብላችሁ ምን አቁማችሁ ምን አገኛችሁ?