የጠላት አህያ

ዛሬ ከዝናቡ በኋላ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ አንድ አዛውንት የአህያቸውን የተንጋደደ ጭነት ለብቻቸው ሊያስሩ ሲታገሉ አየሁ። የራሰው ጆንያ ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ የጁቤ መንገድ መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ የጎረቤታችን የአያ ደምሌ አህያ ከነጭነቷ ጭቃ ውስጥ ወድቃ፣ እሳቸውም ብቻቸውን ሊያስነሷት ሲታገሉ አገኘናቸው። እሳቸውና አያቴ በእርሻ ወሰን ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር። እዚያው እንዳይደባደቡ ፈርቼ የአያቴን ጋቢ ጨበጥሁ።

«ልትስቅብኝ ነው የቆምህ?» አሉ አያ ደምሌ።

«መጽሐፉ የጠላትህ አህያ ወድቃ ብታይ አልፈህ አትሂድ፣ አብረህ አንሣ ይላል» አሉ አያቴ። «እንዲህ ጭቃ ላይ ይጠብቀኛል ግን አላልሁም። በል፣ በዚያ በኩል ያዝ!»

አህያዋን አስነሡ። ጭነት ሲታሰር ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጠፍሩን እኩል መሳብ አለበት፤ ሳይነጋገሩ አይሆንም።

«በል!» ይላሉ አያቴ።

«በል!» ይመልሳሉ አያ ደምሌ።

ጋቢውን ለቅቄ አየኋቸው። በቅዳሴ ቆሜ የምሰማው ቃል እንዲህ ጭቃ የነካ እጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ታረቃችሁ፣ አባባ?» አልኋቸው መንገድ ስንጀምር።

«ወሰኑማ እንዳለ ነው» አሉ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ። «ዛሬ የታዘዝሁት የአህያዋን ነው።»

የገበያው አዛውንት አሁንም አህያቸውን ይዞራሉ። ሰው ፊት መናገር የሚያሳፍረኝ እኔ ጃንጥላዬን አጥፌ በማዶ በኩል ጠፍሩን ያዝሁ።

«በሉ!» አልሁ። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ወጣ።