የአዴር ሮብሌ እግር

ባለፈው ማክሰኞ አንዋር ኮምፒውተሩን አንድ ታክሲ ላይ ሰካ። አንዋር እኔ አሁን ቁጭ ብዬ የምውልበት ጋራዥ መካኒክ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እጁን ግን ቅባት ነክቶት አያውቅም። ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ጆሮውን ሳያስጠጋ፣ ከመሪው ሥር ሽቦ ሰክቶ ስክሪኑን እያየ፣ «ጋሽ ተካ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር አያቃጥልም ይላል» አለኝ። ያዘዝኩት ሻሂ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለጋራዡ መጣ። ፊቴ ቆሞ እግሩን እያፈራረቀ፣ «ጋሼ፣ እንዳይከፋህ። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። የብቃት ማረጋገጫ ያላሳደሰ ሰው ሥራ ቦታው ውስጥ መግባት አይችልም። ተቆጣጣሪ ካየህ ያሽግብኛል» አለኝ። ወንበሬን ራሴ አንስቼ ደጅ አወጣሁት። ሰው ሁሉ የተቀየምኩ መሰለው። አልተቀየምኩም። ያመመኝ መመሪያው አይደለም፤ «ሦስተኛው» የሚለው ቃል ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት የኒም ዛፎች ሥር አንድ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ ሮብሌ ይባላል። አዴር ሮብሌ እንለዋለን። አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይወደድምና እኔ እሱን አንተ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ እኔን አንቺ ይለኛል። እኛ አገር ወንድ ልጅ አንቺ ከተባለ ተወዷል ማለት ነው። የሌላ አገር ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ።

አዴር በወጣትነቱ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ግማሹ ሄዷል። ስለዚህ ሞተር የሚያዳምጠው በእግሩ ነበር። ሸበጡን ያወልቅና ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባዶ እግሩን መኪናው ወለል ላይ ይለጥፋል። ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ያዞርና ዐይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሁለተኛው ሰንፏል» ይላል። እንከፍታለን፤ እውነትም ሁለተኛው ሰንፏል። ተፈትቶ የተገጠመ ሞተር የመጀመሪያ ቁልፍ የእሱ ነበር፤ ከእሱ በፊት ማንም አያስነሳም። ለዚያ እግር ብለው ከሐረር፣ ከጅጅጋ ድረስ መኪና ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ሽኩር የሚባል አንድ ታክሲ ነጂ ነበር፤ አፉ አያርፍም። «አዴር፣ ይቺን እግርህን ለሐኪም ቤት አከራያት፣ ሰውም ትመረምራለች!» ይለው ነበር። አዴር ሸበጡን አንስቶ ይወረውርበታል።

ከዚያ ስኳር በሽታ ያዘው።

ያወቅኩት በአንድ ጠዋት ነው። ብየዳ እየተበየደ፣ አንድ የጋለ ፍንጣሪ መሬት ላይ ወደቀ። አዴር በባዶ እግሩ መጣና ረገጠው። ረግጦት ስለ እህቱ ልጅ ሠርግ ያወራል፣ ያወራል። የሚቃጠል ቆዳ ሸተተኝ። ተንደርድሬ ገፋ አደረግኩትና ፍንጣሪውን በጫማዬ መታሁት። የእግሩን መዳፍ ገልብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

በማግስቱ የአንድ ጭነት መኪና ሞተር ገጥመን ጨረስን። ሰው ከቦ ቆሟል። አዴር ሸበጡን አወለቀ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ዐይኑን ጨፈነ። ቆየ። በጣም ቆየ። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ፤ የሙቀቱ ላብ አይደለም። የግራ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ነበር። እኔ ሞተሩ ምን እንደሆነ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሄጄ መስኮቱን ተደገፍኩና እጄን ክርኑ አጠገብ አድርጌ በጣቴ አራት ጊዜ ነካ ነካ አደረግኩት። «አራተኛው!» ብሎ ጮኸ። ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራን። አንድ ጊዜ ብነካው አንደኛው፣ ሁለት ጊዜ ብነካው ሁለተኛው። እጄን ዝም ብዬ ካስቀመጥኩት ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ነገር አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። ሽኩር እንኳ አላወቀም።

ከዚያ ደንብ መጣ። ደንቡ ክፉ ነበር አልልም። ፍሬኑ በሽቦ የታሰረ መኪና የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ስንት ሰው ይዞ ገደል እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ፤ ሰው ጎትተው ካወጡት አንዱ ነኝ። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ማንኛውም ጋራዥ ሞተር አይቶ የሚፈርም ወረቀት ያለው መካኒክ ይኑረው። ሠራተኛም በውል ይቀጠር። ፊደል ያልቆጠሩ የድሮ መካኒኮች ደግሞ ተቆጣጣሪ ባለበት አንድ ሞተር ይመርምሩ፤ ያሉት ነገር ከማሽኑ ጋር ከገጠመ «በልምድ መካኒክ» ተብሎ ይጻፍላቸው። ካልገጠመ፣ በገዛ ጋራዣቸው ውስጥ ቁልፍ አይነኩም።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለቃቅሜ ስለነበር ፈተናውን ተፈተንኩ። ከአምስታችን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር፤ እንደ ሞኝ። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም የውል ፎርም አመጣሁ።

ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ኒሙ ሥር ተቀምጠን ፈጢራ እንበላለን። ሚያዝያ ነው፤ ገና በሁለት ሰዓት አሸዋው ይፋጃል። ፎርሙን አውጥቼ አዴር ፊት አስቀመጥኩት።

«ምንድነው?» አለኝ።

«የሥራ ውል ነው። አውራ ጣትህን አድርግልኝ።»

ሳቀ። «አንቺን ልቅጠር? አንቺ ተኬ፣ አብደሻል? ልጅ ይቀጠራል እንዴ?»

«ብታመም፣ እጄን ብቆረጥ ማን ይጠይቀኛል?»

«እኔ ነኛ! ወላሂ እኔ ነኝ። ስትታመሚ ማን ነበር ያስታመመሽ?»

እውነቱን ነበር። ወባ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ስተኛ ቤቱ ወስዶ ያስታመመኝ እሱ ነው። እኔ ግን አንዴ ከያዝኩ አለቅም፤ ተፈጥሮዬ ነው። አራቱ ሠራተኞች እየሰሙ፣ «ልጅህ አይደለሁም። ሠራተኛህ ነኝ» አልኩት።

የያዘውን ፈጢራ ሳህኑ ላይ መለሰው። ጣቶቹን በቱታው ጠረገ። «እሺ። ሠራተኛ ከሆንሽ ሥራሽን ሥሪ» አለኝና ተነሳ።

ይቺን ቃል እያመላለስኩ አረፈድኩ። እሺ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ክርን መነካካት የማን ሥራ ነው? የትኛው ውል ላይ ተጽፏል? እያልኩ ብሎን አጠብቅ ነበር። የማጠብቀው የሽኩርን ታክሲ ሞተር ነው፤ አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ናት፤ ለፈተናው የተመረጠችው እሷ ነች።

ተቆጣጣሪው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ሰው ነው፤ ሙቀቱ ፊቱን አቅልቶታል። ጠቋሚ መርፌ ያለው ሣጥን ይዟል፤ ከሣጥኑ የወጡት ሽቦዎች ለሲሊንደሩ እሳት በሚሰጠው ካንዴላ ላይ ይሰካሉ። «አባቴ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይበሉን፤ ከዚያ ማሽኑን እናያለን» አለው። አዴር አንቱ ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ። ሰው ሳቀ። ሽኩር፣ «ጌታው፣ ማሽንህ እንዳታፍር! ይቺ እግር ከእሷ በፊት ተወልዳለች!» አለ።

አዴር ሸበጡን አወለቀ። ቁልፉን አዞረ። ዐይኑን ጨፈነ። ክርኑን መስኮቱ ላይ አደረገ።

ሄጄ እጄን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ሦስተኛው አይሠራም ነበር። ሦስቱ እየመቱ አንዱ ይዘላል፤ እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። አዴር ክርኑን ትንሽ ወደ እጄ አስጠጋ። ጠበቀ። እጄን አላነሳሁትም፤ አላነቃነቅኩትምም። ያንን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰባት ስምንት ጊዜ ቢያስተነፍስ ነው፤ ከዚያ በላይ አልነበረም። በዚያ ውስጥ ሦስት ጊዜ መንካት እችል ነበር። ሠላሳ ጊዜ መንካት እችል ነበር።

አዴር ዐይኑን ገለጠና ፈገግ አለ። «ሞተሩ ደህና ነው። ምንም የለበትም» አለ።

ተቆጣጣሪው ሽቦዎቹን ሰካ። መርፌዋ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ወደቀች። ደግሞ ሞከረ፤ ደግማ ወደቀች። «ማሽኑ ነው የተበላሸው!» ብሎ ሽኩር ጮኸ። ሰውየው አልተቆጣም። የሦስተኛውን ካንዴላ ገመድ ነቀለው፤ የሞተሩ ድምፅ ምንም አልተለወጠም፤ ሦስተኛው ቢሠራ ኖሮ ይለወጥ ነበር። ሽኩር ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«አባቴ፣ አዝናለሁ» አለ ተቆጣጣሪው። «ጋራዡ ይሥራ። ሞተር የሚያየውና የሚፈርመው ግን ወረቀት ያለው ነው።»

አዴር ከመኪናው ወረደ። ሸበጡን በእግሩ ፈልጎ አጣው፤ አጠገቡ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ በዐይኑ አይቶ በእጁ አጠለቀው። ቱታውን እዚያው ሰው ፊት አወለቀ። በሽርጡና በካናቴራው ሲቆም ምን ያህል እንደከሳ አየሁ። «ተኬ ይፈርም» አለ።

በማግስቱ ስመጣ በጭነት መኪና ወደ ጀልዴሳ፣ ወደ እህቱ ዘንድ ሄዷል ተባልኩ። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ያ የውል ፎርም ተቀምጦ ነበር። ታችኛው ጥግ ላይ፣ አለቦታው፣ በሞተር ዘይት የተነከረ አውራ ጣት ታትሞበታል።

ልሂድና ይቅርታ ልጠይቀው አልኩ፤ አልሄድኩም። ይልክብኛል እያልኩ ጠበቅኩ። እሱም ይመጣል እያለ ጠብቆ ይሆናል። አራት ወር እንደዚያ ሄደ። ጋራዡን እየሠራሁ፣ እየፈረምኩ። ፊርማዬ በዚያን ጊዜ አምሮ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሄድኩ። ዝናቡ ደረቁን ወንዝ አርጥቦት፣ የተሳፈርኩባት መኪና አሸዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰመጠች፤ ወርደን ገፋን። ጀልዴሳ በዚያ ወቅት ያምራል፤ ግራሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ግመሎቹ ጠግበው ይንቀሳቀሳሉ። አዴር ግራር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

እኔን ሲያይ ዱላውን አንስቶ፣ «አንቺ ተኬ! አቦ የት ጠፋሽ?» አለኝ። እህቱ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት በጣሳ አመጣችልኝ። ጠጣሁ። ስለ ሽኩር ጠየቀኝ፣ ስለ ኒሙ ዛፍ ጠየቀኝ። ያች መርፌ ያላት ሣጥን አሁንም ትመጣለች ወይ አለኝ። ትመጣለች አልኩት።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ቀደመኝ።

«ስሚ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እህቱ እንዳትሰማ ይመስለኛል። «በዚያ ቀን ነገር እንዳታዝኚ። እግሬ ከሞተች ቆይታ ነበር። አንቺ ነበርሽ እግሬ። አንቺም በዚያ ቀን አልሰማሽም፤ ጆሮ ነው፣ ይሳሳታል። እኔ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አላህ ያውቃል፣ አንድ ቀን በሆዴ አልያዝኩብሽም።»

ጣሳውን አንስቼ አፌ ላይ አደረግኩ።

ወተቱን ጨርሼ ተነሳሁ። ሳልሄድ እጄን ይዞ በአውራ ጣቱ መዳፌን ዳበሰው። በጥር፣ ሽኩር ጋራዡ ድረስ መጥቶ የአዴርን መሞት ነገረኝ፤ ለቀብሩም አልደረስኩም።

አሁን እዚህ ደጅ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚው ያዝንልኛል። «ማሽን ቦታህን ወሰደው፣ ደንቡ አባረረህ» ይሉኛል። ማሽን ከእኔ ምንም አልወሰደም። የአንዋር ኮምፒውተር የሚያየውን ይናገራል፣ ያችም ሣጥን ያየችውን ተናገረች፤ ተቆጣጣሪውም የታዘዘውን ሠራ። ወረቀት የሌለው ሰው ሞተር አይንካ ሲባልም እሺ እላለሁ፤ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሚሠራ ግን በየትኛው ደንብ ይጻፋል?

ሚስቴ፣ «ይቅር ብሎህ የለ? ለምን ታብሰለስለዋለህ?» ትለኛለች። ይቅር ያለኝ ባላጠፋሁት ነው። ጆሮዬ ሳተ ብሎ ነው ይቅር ያለኝ፤ እንደዚያ ብሎ አምኖ ሞተ። ጆሮዬ አልሳተም። ሰምቼ ነበር።