ለእማማ ሙሉወርቅ የተቆረጠው ሞርታዴላ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የወርቂቱ ሱቅ አለ። በሥራ ተመድቦ የመጣ እንግዳ ከምልክቱ ይልቅ በጠረኑ ነው የሚያገኘው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የደረቀ ሥጋ። ከጣሪያው በሲባጎ የተንጠለጠለ ሳላሜ፣ መስታወቱ ውስጥ እንደ ግንድ የተጋደመ የበሬ ሞርታዴላ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ። ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሳንዱች የሚፈልግ ቆሞ ይበላል። ሟቹ ባሏ ጆቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ዕድሜውን ሲሠራ ኖሮ፣ የጣሊያኑ ሱቅ ሲዘጋ የተሰጠውን በእጅ የሚዘወር የሥጋ መቁረጫ ማሽን ይዞ ነው አገሩ የገባው። ሙያውን ለሚስቱ ያስተማራትም እሱ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ላይ የሚወጣው የበሬ ሥጋ ብቻ ነው። ኡኬ አጠገብ ካምፕ ላላቸው የመንገድ ሥራ ፈረንጆች በበረዶ ሳጥን የምታስመጣው ፕሮሹቶ፣ በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን፣ ጓዳ ውስጥ፣ በራሱ ጣውላ ላይ፣ በራሱ ቢላ ይቆረጣል። ወርቂቱ ጴንጤ ናት፤ ሃይማኖቷ አሳማን አይከለክላትም፣ እሷ ግን በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከደንበኞቿ ደግሞ ብዙዎቹ ከጎጃምና ከሸዋ የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ስለዚህ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም «ይሄ ማሽን ከበሬ ሌላ አያውቅም» ትላለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ የካምፑ ምግብ አብሳይ ወንድምአገኝ መጣ።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ባለፈው የቆረጡልኝን ፕሮሹቶ ፈረንጆቹ ሊያጥፉት አቅቷቸው ተሳሳቁብኝ። አንዱማ ለጫማዬ ሶል ይሆነኛል አለ።»

«ቢላ ነዋ፣ ኦቦ ወንድምአገኝ። በቢላ ከዚህ በላይ አይሳሳም።»

«ያ ማሽን ታዲያ ለጌጥ ነው?»

«እሱ የበሬ ነው።»

«እንግዲያው በሬው ይብላው። እኔን ከአዲስ አበባ ተቆርጦ የታሸገ አስመጣ ብለውኛል። ስለምናውቅዎት ነው ዛሬም የመጣሁት።»

የካምፑ ትእዛዝ ከቀረ የሱቁ ግማሽ ሥራ ቀረ ማለት ነው። ወርቂቱ በሩን አየች፤ ማንም የለም። ፕሮሹቶውን አምጥታ ማሽኑ ላይ አሰረችውና መዘወሪያውን አዞረች። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሥጋ እየተነባበረ ወረደ። ወንድምአገኝ ረክቶ ሄደ።

ስለቱን በትክክል ማጽዳት ማለት በመፍቻ ፈትቶ መቀቀል ነው። የምሳ ሰው ሊመጣ ነው። ሙቅ ውኃ በነካ ጨርቅ አበሰችው፣ ደገመችው። ብረት ነው፣ አለች በልቧ፤ ማታ እፈታዋለሁ።

ጨርቁን ሳታስቀምጥ ማስተዋል ገባች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች መምህርት ናት፤ እናቷን እማማ ሙሉወርቅን እዚሁ አምጥታ ታስታምማለች።

«አዴ ወርቂቱ፣ እናቴ ሰሞኑን እህል የሚባል እምቢ ብላኝ ነበር። ዛሬ ድንገት ሞርታዴላ አማረኝ አለችኝ፣ አባቴ ሹፌር ሳለ ያመጣላት የነበረውን። ጥርስ የላትም፣ እንደ ወረቀት አድርጊልኝ።» ከዚያ የወርቂቱን አነጋገር አስመስላ «ይሄ ማሽን ከበሬ ሌላ አያውቅም» አለችና ሳቀች።

ወርቂቱም አብራ ሳቀች። በቢላ ልቁረጥልሽ ብትል ለምን ትባላለች። መዘወሪያውን አዞረችው።

ማስተዋል ከወጣች በኋላ ግን ማታ ድረስ መቆየት አልሆነላትም። መፍቻውን አንስታ ስለቱን አወረደችው። ከጀርባው፣ ጨርቅ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ነጭ የአሳማ ጮማ እንደ ክር ተጋድሟል። ጫፉ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ከሞርታዴላው ጋር ሄዷል።

የሙያ ሰው ናትና ወዲያው መላ መታች። ሌላ ሞርታዴላ በንጹሕ ቢላ ቆርጣ ትወስዳለች፤ የፊተኛው ተበላሽቷል ብላ ትለውጣለች፤ ማንም ሳይበላ፣ ማንም ሳያዝን ያልቃል። ሱቁን ቆልፋ ሄደች።

እማማ ሙሉወርቅ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው እየበሉ ነበር። ማስተዋል ፊቷ በርቷል።

«በላችልኝ፣ አዴ። እንኳን መጣሽ፣ እይልኝ።»

«የሰጠሁሽ ከበረዶ ውጭ የቆየ ሆኖ ነው» አለች ወርቂቱ። «ልለውጥልሽ ነው የመጣሁት።»

«ለዚህ ብለሽ ሱቅ ዘግተሽ? እንዳንቺ ያለ ነጋዴ ከየት ይገኛል።»

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። እጇን ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ አሮጊቷ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ምንም አልሆነም፣ ልጄ። እኔ ተስማምቶኛል፤ ተይኝ።»

እንደገና ጎረሱ። ወርቂቱ ማስተዋልን በክንዷ ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻትና ሁሉንም ነገረቻት፤ ፕሮሹቶውን፣ ጨርቁን፣ የጮማውን ክር።

ማስተዋል የቤቱን በር መለስ አደረገችው።

«እናቴ ትናንት ነው የቆረበችው» አለች። «አውቀሽ ነው?»

«ጠርጌው ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አውቄ ነው።»

«ለእሷ እንዳትነግሪያት። ለንስሐ አባታችን ምን እንደምል እኔ እጨነቅበታለሁ።»

ተመልሳ ገባችና ሳህኑን ከእናቷ ጭን አነሳች። «ተበላሽቷል እማዬ፣ ሆድሽን ያምሻል» አለች፤ ዓይኗ ግን ወርቂቱ ላይ ነበር። ወርቂቱ የገዛ ውሸቷን ከሰው አፍ ሰማችው።

እማማ ሙሉወርቅ ባዶ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ወርቂቱ ያዘነች መሰላቸው።

«አይዞሽ፣ በሰው ይደርሳል። ነገ ደህናውን ታመጪልኛለሽ።»

«እሺ፣ እማማ» አለች። በቢላ የቆረጠችውን ይዛው መጥታ ነበር፤ ግን ወፍራም ነበር፣ ጥርስ የሌለው ሰው አይችለውም። ይዛው ተመለሰች።

ማታውን ማሽኑን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታች፣ በድስት ቀቀለችው፣ ገጠመችው። በማግስቱ ጠዋት ግን አልነካችውም። ቢላዋን ሞርዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ እስትንፋሷን ይዛ ቆረጠች። የወፈረውን ለሳንዱች ወደ ጎን አደረገች። ከአንድ ትልቅ ሞርታዴላ ጭብጥ የማይሞላ ስስ ነገር ወጣላት።

በወረቀት ጠቅልላ ወስዳ ስታንኳኳ፣ በሩን የከፈተችው ማስተዋል ናት። ወረቀቱን እዚያው ገልጣ አንዱን አነሳችና ወደ ፀሐይ ያዘችው፤ አንድ ወገኑ ሳስቷል፣ ሌላው ወፍሯል።

«በቢላ ነው?»

«በቢላ ነው።»

«በሾርባ አለሰልስላታለሁ።» ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«እንዴት አደሩ?»

«ሌሊቱን ስለ አንቺ ስታወራ አደረች። ሱቋን ዘግታ የመጣችው ደግ ሴት እያለች።»

ወርቂቱ «ግቢ» እስክትባል እግሯን ከደፉ አስጠግታ ቆመች። ማስተዋል «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሩን ዘጋችው፤ ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ተሰማ።