ቤታችን በጥቁር መዝገብ ገባ

ሴቻ ሰፈር፣ ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ወለቴ ትኖራለች። የምትበላው በጆሮዋ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥናት ቢሮ፣ የላንቴ ቀበሌ ሴቶች ስለ ወሊዳቸውና ስለ ትዳራቸው በጋሞኛ የተናገሩትን ቀርጾ ይልክላታል፤ እሷ ሰምታ በአማርኛ ትጽፈዋለች። እናቷ እማማ ልክነሽ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ሥራ ለወለቴ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም። ይህን የምጽፈው ከራሷ አፍ ሰምቼ፣ ፈቃዷን ይዤ ነው።

አንድ ጠዋት የጨረሰችውን ጽሑፍ በኢሜይል ብትልከው ተመለሰባት። ደግማ ላከች፤ ተመለሰ። ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ቀስ ብላ ስታነበው፣ የላኪው አድራሻ በጥቁር መዝገብ ስለገባ አንቀበልም ይላል። ሲቀላ ሰፈር ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለዮናስ ደወለች።

«አይፒ የሚሉት ነው» አላት። «ኢንተርኔት ላይ የቤትሽ ቁጥር በይው። ከቤትሽ ብዙ የማጭበርበሪያ መልእክት ወጥቷል ማለት ነው።»

«እኔ አልላክሁም!»

«አንቺማ አልላክሽም። የገባብሽ ነገር ነው የሚልከው። ወይ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ወይ መስመሩን የሚጋራሽ ሰው ጋ። መስመሩን ንቀይና እስክመጣ አትንኪው።»

መስመሩን ነቀለች፤ ኮምፒውተሩንም አጠፋች። ጠፍቶም የሚያያት መሰላትና ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት።

«ማነው በጥቁር መዝገብ የገባው?» አሉ እማማ ልክነሽ ከአልጋቸው።

«እኛ፣ እማዬ። ቤታችን።»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። በደርግ ጊዜ ወንድማቸው ስምህ መዝገብ ላይ አለ ተብሎ እንደሄደ አልተመለሰም።

«ዛሬውኑ ሸሽተሽ ወደ ደጋ፣ ወደ ጨንቻ ውጪ። እኔን ከጎረቤት ናዕማ ታየኛለች።»

«እማዬ፣ የመንግሥት አይደለም፤ የማሽን ነው።»

«መዝገብ መዝገብ ነው። የሚያነበው አይጠፋም።»

ወለቴ ልትስቅ ብላ ተወችው። የሚያነበው ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

መስመሩን የሚጋሯት ጎረቤቶቿ ጅምላ ነጋዴው ሙስጠፋና ሚስቱ ናዕማ ናቸው። ወለቴ ሙስጠፋን ጠረጠረች፤ ለእናቷም ነገረቻቸው።

«ሰው አትጠርጥሪ፤ ጥሪያቸው» አሉ። «ይሄ ጎሜ ነው።»

በጋሞ ደጋ ተደብቆ ቤት የሚያሳምም ጥፋት ጎሜ ይባላል። አብሮ የሚኖር ሁሉ ተቀምጦ ያደረገውን ይናገራል፤ የተናገረ አይሰደብም። የድሮ እምነት ነውና ቄሱ ቢሰሙ እማማ ልክነሽን ይቆጧቸው ነበር። ባልና ሚስቱ ግን መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔ የቱርክ ድራማ አይቻለሁ» አለች ናዕማ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቴ ያየሁትም አለ።»

«ሁለቴ? እኔን መስመሩን ያዝክብኝ እያልሽ!» አለ ሙስጠፋ። «እማማ፣ እኔ ያለኝ ስልክ ነው፤ ዋጋ እጠይቅበታለሁ፤ ሌላ አላውቅበትም።»

ሳቁ ሳያልቅ እማማ ልክነሽ ዞር አሉ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

ያኔ ትዝ አላት። ፈጣን ንግግር ቀስ አድርጎ የሚያሰማ ፕሮግራም በነጻ አውርዳ ነበር። ሲጫን የቫይረስ መከላከያውን አጥፊ አላት፤ አጠፋች። መልሳም አላበራችውም። ይህንኑ ተናገረች። ማንም አልሰደባትም፤ ናዕማ እንኳ አልቀለደችም። ወለቴን ይበልጥ ያስፈራት ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዮናስ መጥቶ ኮምፒውተሩን መረመረው። ነገሩ እሷ እንዳለችው ነበር።

«አጸዳዋለሁ። አድራሻውም ከመዝገቡ እንዲወጣ እንጠይቃለን» አላት።

«ቀረጻዎቹስ? ወስዷቸዋል?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እኔ ማወቅ አልችልም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቢሮው ባትነግሪስ? ማን ያውቃል?»

ብትናገር ሥራው ይሄዳል። እናቷን ማን ይዞ ማን ውጭ ይሠራል? ወለቴ ስልኳን አንስታ አስቀመጠች፤ ደግማ አነሳችና ለቢሮው ደወለች። የቢሮው ኃላፊ ኢያኤል እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ሴቶቹ ማወቅ አለባቸው» አለች። «እኔ ጋሞኛ አልችልም። ቁጥራቸውን እልክልሻለሁ፤ ዛሬውኑ አንቺ ንገሪያቸው። ከነገርሻቸው ሥራሽ ያንቺ ነው። አልችልም ካልሽ እዚህ ላይ እንለያያለን።»

ወለቴ የሴቶቹን ፊት አታውቅም። የትኛዋ ስንት ልጅ እንደቀበረች፣ የትኛዋ ባሏን እንደምትፈራ ግን ታውቃለች። መጀመሪያ የደወለችው ባሏን ለምትፈራው ለሻሺቱ ነው። ሰላምታ ሰጥታ፣ ማን እንደሆነች ተናግራ፣ የሆነውን አንድ በአንድ በጋሞኛ ነገረቻት።

«ታዲያ አሁን የእኔ ድምፅ ማን እጅ ነው?» አለች ሻሺቱ በሹክሹክታ።

«አላውቅም፣ እህቴ።»

ከወዲያ የወንድ ድምፅ «ማነው?» ሲል ተሰማ።

«ቁጥር ተሳስተው ነው» አለች ሻሺቱ። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።