በቅቤ የታሸ ጣት

ትናንት ዛላ በርበሬ ስቀነጥስ ጣቶቼ ሲለበልቡኝ አየሽና የቅቤውን ዕቃ አቀረብሽልኝ። «ትንሽ ይቆይ» አልኩሽ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም። ልንገርሽ፣ ልጄ።

ቡታጅራ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ለነጋዴዎች በርበሬ እየቀነጠሰች ታሳድገን ነበር። ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ ያስነጥሰዋል። ከጎኗ ተቀምጣ የምትሠራው ጎረቤታችን ሙስሊም ነበረች። ሥራ ሲያልቅ እናቴ እጇን በቅቤ ታሻለች። ጎረቤታችን ግን ለሶላት ስትታጠብ ውሃው ቆዳዋን እንዲያገኘው ብላ አትቀባም፤ ቃጠሎውን ችላው ታድራለች።

በቀበሌ ስብሰባ እናቴን የሚጠሯት በአባቴ ስም ነበር፤ «የእገሌ ባለቤት» እያሉ። የምርጫ ካርዷ ላይ ግን የራሷ ስም ተጻፈ። አጎቴ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል፤ እኔ እመርጥላችኋለሁ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ የተማርኩትን እነግራታለሁ፤ ድምፅ ሚስጥር እንደሆነ፣ ማንም በሌላ ሰው ፈንታ እንደማይመርጥ። እያዳመጠች ትቀነጥሳለች።

ምርጫው እሁድ ነበር። ጠዋት እጇ ስላላስቀመጣት እንደገና ቅቤ ተቀብታ ቅዳሴ ሄድን፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ድምፅ መስጫው። የእኔው መማሪያ ክፍል ነበር። ልጅ አይገባም ስላሉኝ በመስኮት አያለሁ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ሰልፉ ከበሩ እስከ ባሕር ዛፎቹ ይደርሳል። ተራዋ ሲደርስ ወጣቱ ምርጫ አስፈጻሚ አውራ ጣቷን ቀለም ቀባው። ቀለሙ ተንከባልሎ ወረደ። ደገመው። አሁንም ወረደ።

«እማማ፣ ጣትዎ ላይ ምን አለ?»

«ቅቤ።»

«ቀለሙ እንዳይዝ ነው?»

ከኋላ የቆመው አጎቴ «ብዬሽ ነበር፤ ነይ ውጪ» አላት። ሁለቴ ልትመርጥ የመጣች መስላቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ሁለቴማ ምን ያደርግልኛል?» አለች እናቴ። «አንዱን ለማግኘት ነው የመጣሁት።»

ከቦታዋም አልተነቃነቀችም።

ያኔ ጎረቤታችን ከሰልፉ መሐል ወጣች። «አንተ ልጅ፣ ወላሂ ትናንት አብረን በርበሬ ስንቀነጥስ ነው የዋልነው። እኔም ለሶላት ባልታጠብ ኖሮ እንደሷ ቅቤ በቅቤ ሆኜ ታገኘኝ ነበር» ብላ እጇን ዘረጋችለት። የሁለቱም ጣት ቀልቷል። አስፈጻሚው አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታጥበው ይመለሱ፤ ተራዎ አለ» አለ።

ጎረቤታችን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የልብስ ሳሙና ይዛ መጣች። በትንሿ ጀሪካኗ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ፣ የያዘችው ውሃ ነበራት።

«ቅቤው ሲለቅ ቃጠሎው ይነሳል። ትችይዋለሽ?»

«አንቺ በየቀኑ ትችይው የለ?» አለቻት እናቴ።

እናቴ እጇን በሳሙና አሸች፤ ታጠበች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ቀለሙ ያዘ። አስፈጻሚው «ምን ሆኑ እማማ?» ሲላት «በርበሬው ነው» ብላ ወደ መጋረጃው ገባች።

ወደ ቤት ስንመለስ «ማንን መረጥሽ?» አልኳት።

«ድምፅ ሚስጥር ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ጎረቤታችን መንገዱን ሙሉ ሳቀች። ያን ቀን እናቴ ቅቤ አልነካችም። ቀለሙ እንዳይለቅባት ነበር፤ በየመሐሉ አውራ ጣቷን ወደ ብርሃን እያዞረች ታየው ነበር።

ለሚቀጥለው ምርጫ አልደረሰችም። እኔ በራሴ ስም ካርድ ይዤ ተሰለፍኩ፤ «እኔ እመርጥልሻለሁ» ያለኝም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ በርበሬ ሲለበልበኝ ቅቤውን ጥቂት አቆየዋለሁ። ከእሷ እጅ የቀረኝ ይኼ ነው።